ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ሥራ ስለ መመለስ

(የመረዳጃ ማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



እንደምታውቁት በዚህ መድረክ የጸሐፊ ሥራ ቃለ ጉባኤ ማንበብና መዋጮ ያልከፈለውን በስም መጥራት ነው። ዛሬ ግን ሊቀ መንበሩ ጥቂት ደቂቃ ስለ ፈቀዱልኝ ስለ ሌላ ጉዳይ እናገራለሁ። ጉዳዩም ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ወደ ሥራዋ ስትመለስ ምን እንደሚገጥማት፣ አካሏና መልኳ ሲለወጥ እንዴት እንደምትይዘው፣ እኛ ጎረቤቶቿስ ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው። በመጨረሻም ለድምፅ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ።

የኔን ነገር ሁላችሁም ስለምታውቁት መሸፋፈን አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት ቀኝ ጡቴ ወጥቷል። ብዙዎቻችሁ ሆስፒታል ድረስ መጥታችሁ ጠይቃችሁኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት መሆኑንም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከሐኪም የሰማሁትን እንደ ሰማሁት፣ በመርፌና በክር ያገኘሁትን ደግሞ እንደ ልብስ ሰፊ እነግራችኋለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ትልልቅ ቃል አትጠብቁብኝ።

በሽታው የጡት ካንሰር ይባላል። አባቶቻችን ነቀርሳ ይሉት የነበረው ዓይነት ነው። በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሰው ካንሰር ሁሉ በብዛት አንደኛው ይኸ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ወደ 16 ሺህ የሚሆኑ ሴቶች አዲስ ታመዋል። ከዚህም ይልቅ ልብ ማለት የሚገባን ዕድሜውን ነው። በፈረንጅ አገር በብዛት የሚይዘው በዕድሜ የገፉትን ሲሆን፣ በእኛ አገር ግን ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ገና 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። እንግዲህ ይኸ ማለት ልጅ የምታሳድግ፣ ምጣድ የምትጥድ፣ ሱቅ የምትከፍት፣ ቢሮ የምትገባ ሴት ማለት ነው። ከቀዶ ሕክምና ወጥታ ቤቷ ቁጭ ብላ የምትጦር አይደለችም። ሥራዋ ይጠብቃታል።

ወንዶች ደግሞ አትሳቁ። ከመቶ ታማሚ አንዱ ያህል ወንድ ነው ይላሉ ሐኪሞቹ።

አሁን ወደ ሰው አፍ ልምጣ፤ የሚጎዳው እሱ ስለ ሆነ። በዚሁ በአካባቢያችን እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ አንዲት እኅት አለች። ስሟን አልጠራም። ታክማ ስትመለስ ከደንበኞቿ ገሚሱ ቀርተው ጠበቋት። አንደኛው ፊት ለፊት «ሰው ይሰማና ምግብ ቤቴን ይሸሽብኛል» አላት። ኸረ ለመሆኑ ምኑ ነው የሚተላለፈው? ካንሰር በእንጀራ አይተላለፍም፤ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ሲኒ በመጠጣት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት አይተላለፍም። ከገዛ አካል ሥጋ ውስጥ ሥርዓቱን ለቆ የሚያድግ ነገር ነው እንጂ እንደ ሳንባ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ አይደለም። እርግማንም አይደለም። ቡዳ በላት እየተባለ የሚወራውንም ሰምቻለሁ። ይኸን ወሬ የሚያወራ ሰው የአንድን ቤት እራት እየወሰደ መሆኑን ይወቀው።

በነገራችን ላይ ይኸን በሽታ መደበቅ የእኛ አገር ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን ጡት የሚል ቃል በአደባባይ አይነሣም ነበር አሉ። በመስከረም ወር 1967 ዓ.ም.፣ እዚህ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት በዚያው ወር፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ቤቲ ፎርድ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። እሳቸውም ሳይደብቁ ለሕዝብ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ጡታቸውን ለመመርመር ወደ ሐኪም ጎረፉ። ወይዘሮዋም ወደ ሥራቸው ተመልሰው፣ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ኖረው በ93 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ጡት ወጣ ማለት ሞት መጣ ማለት ነው ለሚለን ሰው ይቺን ሴትዮ እጠራበታለሁ።

ስለ ሕክምናው ቦታ ጥቂት ልበል። በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የምንለው፣ ቀዶውንም የካንሰር መድኃኒቱንም ይሰጣል። ከጤና ጣቢያ የመላኪያ ወረቀት ይዞ መሄድ ነው፤ በተለይ የጤና መድን ደብተር ያለው ሰው ያለ ወረቀቱ ቢሄድ ከኪሱ ይከፍላል። የጨረር ሕክምና የተባለው ግን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው ጅማንና ሐረማያን በመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የተጀመረው። ጸበል መጠመቅን የሚከለክል ሐኪም አልገጠመኝም። ስፌቱ ሳይደርቅ አይርጠብ፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ ብቻ ነው ያሉኝ። አንዳንዱ ሰው ግን ሁለቱን ያጣላቸዋል፤ ምን እንደሚያጣላቸው አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

ጡት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከብብት ሥር ያሉት ንፍፊቶችም አብረው ይወጣሉ። ሰው ጡቱን ብቻ ነው የሚያስበው፤ ሥራ የሚያስቸግረው ግን ክንዱ ነው። ትከሻ ይያያዛል። የክንዱ የውስጥ ወገን ይደነዝዛል፤ የራስህ ሳይሆን የሌላ ሰው ክንድ የነካህ ይመስላል። የሌለው ጡት ሁሉ ያሳክካል፤ ይኸን ስነግራቸው አንዳንዶች ያበድኩ መስሏቸው ነበር፤ ሐኪሙ ግን የተቆረጡት ጅማቶች ሥራ ነው፣ ብዙ ሴት ላይ ያለ ነው አለኝ። ከባድ ነገር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ አይነሣም። ታዲያ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑን አትርሱ።

እንቅስቃሴው ግን ከመጀመሪያው ያስፈልጋል። ክንዷን አቅፋ የተቀመጠች ሴት ትከሻዋ እንደ ታሰረ ይቀራል። እኔ የታዘዝኩት ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ በጣቶቼ ግድግዳውን እየቧጠጥኩ ወደ ላይ መውጣት ነበር፤ ልክ እንደ ሸረሪት። የደረስኩበት ላይ በየቀኑ በጠመኔ ምልክት አደርግ ነበር። ልጄ «እማዬ ቁመትሽን እየለካሽ ነው ወይ» ይለኛል። በሁለት ወር ከራሴ በላይ ደረስኩ። ምልክቶቹ እስካሁን ሱቄ ግድግዳ ላይ አሉ፤ ያላመነ መጥቶ ይይ።

የስፌት መኪና መዘውሩ የሚዞረው በቀኝ እጅ ነው፤ መቀሱም በቀኝ። የከሰል ካውያውማ አይወራ፤ የብረት ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ስመለስ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ሠራሁ፤ ቁልፍና ዘርፍ ብቻ። ካውያውን ለልጄ ሰጠሁ። ከወር በኋላ ግማሽ ቀን ሆነ፤ ሙሉ ቀን የሆነው መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ነው። ዙሪያውን ዘለል እያሉ ሙሉ ሥራ በአንድ ቀን መመለስ ጀግንነት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ማታ ክንዳችሁ ይነግራችኋል።

ስለ ክንድ እብጠት በተለይ ላስጠንቅቅ። ንፍፊቶቹ ከወጡ በኋላ የክንዱ ፈሳሽ መውረጃው ይጠብባል። ክንዱ ወዲያውኑም፣ ከዓመታት በኋላም ሊያብጥ ይችላል። ቁስልና ቃጠሎ ደግሞ ያባብሰዋል። ስለዚህ መርፌ ስሰፋ በጣቴ ላይ የብረት ቆቡን ሳላደርግ አልጀምርም። እንጀራ የምትጋግር ሴት አክንባሎ ስታነሣ እንፋሎቱ እንዳይመታት ክንዷን በወፍራም ጨርቅ ትጠቅልል፤ ወይም በሌላኛው እጇ ታንሣ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱም መርፌና የደም ግፊት መለኪያ በደኅናው ክንድ እንዲሆን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቀለበት ከጠበበ፣ የቀሚስ እጅጌ ከያዘ፣ ክንዱ ከከበደ፣ በተለይም ከቀላና ከተኮሰ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት ሕግ አለላት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ እንዲሰጣት ያዛል። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያለው 2 ወር ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ደመወዝ ነው። ለዚህም የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ በቀረችም በማግሥቱ ለአሠሪዋ ማሳወቅ አለባት፤ ራሷ ካልቻለች ሰው ትላክ። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የየመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቁ። የቤት ሠራተኛን ግን ይኸ አዋጅ አይሸፍናትም፤ የእሷ ነገር በአሠሪዋ ኅሊና ላይ የተጣለ ነው። በዚህ አዳራሽ አሠሪ የሆናችሁ አላችሁ፤ አደራ። እንደኔ ለራሱ የሚሠራውን ደግሞ ማንም አይከፍለውም። ይኸን በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ መልክ ላውራ። ሴቶች በግል ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ይኸን ነው።

በካንሰር መድኃኒቱ፣ ኬሞ በሚሉት፣ ጸጉር ይረግፋል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው የሚሰጠው፤ ጸጉሩ መርገፍ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። እኔ እየተነቀለ ትራስ ላይ ሳየው ከማለቅስ ብዬ አስቀድሜ ተላጨሁት። በእኛ አገር ደግሞ ሴት ራሷን ተላጭታ ካዩ የሚያስቡት ሐዘን ነው። ገበያ ስወርድ «ማን ሞተብሽ?» ያለኝ ሰው ብዛት! አንዷማ እዚያው መንገድ ላይ ማልቀስ ጀምራ እኔው አባበልኳት። ለዚህ ሻሽ ጥሩ ነው፤ ከሥሩ ስስ የጥጥ ቆብ ይደረግበት፤ የጎንደርን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጸጉር የሌለው ራስ ያውቀዋል። ቅንድብ ሲሳሳ ኩል ይረዳል። ጥፍር ይጠቁራል፤ እኔ ቁስል አለመኖሩን አይቼ እንሶስላ ሞቅኩበት፤ ሰውም ሰርግ አለሽ ወይ አለኝ። ከሐዘን ሰርግ ይሻላል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ጸጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል፤ የኔ ተጠቅልሎ ነው የመጣው።

የደረቱ ነገር የኔ ሙያ ነው። አንድ ጡት ሲጎድል ዕይታው ብቻ ሳይሆን ሚዛኑም ይዛባል፤ በተለይ ጡቷ ከበድ ያለ ሴት ትከሻዋ ወደ አንድ ወገን ይወድቅና ጀርባዋን ያማታል። ከውጭ አገር የሚመጣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነገር አለ፤ ዋጋው ግን የእኛን ኪስ አያውቅም። ስለዚህ ያደረግኩትን ስሙ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት፣ ጠባሳው እስኪጠነክር፣ ለስላሳ የተባዘተ ጥጥ ብቻ በነጭ ጨርቅ ከረጢት ሞልቼ በጡት መያዣው ውስጥ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ክብደት ያስፈልጋል። ብዙ ነገር ሞከርኩ። ሩዝ ይቆረቁራል፤ ተልባ በላብ ይያያዛል። በመጨረሻ ዳጉሳ ሆነ። ዳጉሳ ክብና ደቃቅ ስለሆነ እንደ ሥጋ ይንከባለላል፤ ቅርጹንም ይይዛል። ከቅዳሜ ገበያ አንድ ጣሳ ገዝቶ፣ አበጥሮ፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። ከአቡጀዲ ክብ ከረጢት ትሰፋላችሁ፤ ከኋላ ዳጉሳው፣ ከፊት በኩል ጥጡ፤ ደረት የሚነካው ወገን ላይ ድርብ ለስላሳ ጨርቅ። የኔው ሩብ ኪሎ ግድም ሆነ፤ የእያንዳንዷ ይለያያል። መስታወት ፊት ቆሞ ትከሻና ትከሻ እኩል እስኪሆን እየጨመሩ እየቀነሱ ማየት ነው። በጡት መያዣው ውስጥ ኪስ ይሰፋለታል፤ ኪሱ ከታች በኩል ካልተያዘ ከረጢቱ ወደ አንገት ይወጣል።

አንድ ነገር አስተውሉ፤ ዳጉሳው እንዲወጣ አንድ ወገኑን በቁልፍ አድርጉት። ከነእህሉ ያጠበች አንዲት እኅት በሳምንቱ በቅሎ አገኘችው። እሷው ናት እየሳቀች የነገረችኝ። ጨርቁን ማጠብ፣ እህሉን በየወሩ መለወጥ።

ልብሱን በተመለከተ፣ ደረቱ ላይ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ዓይን ወደ ጥልፉ ይስባል። እጅጌው ሰፋ ይበል፤ አንገቱ ጠበቅ። ነጠላም በጎደለው ወገን ላይ ጣል ይደረጋል። የድሮ ቀሚሳችሁን አትጣሉት፤ ብብቱ ሥር ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ቢገባበት ይሆናል። አንዳንዷ ሴት ደግሞ ምንም ሳታደርግ እንዳለች መሄድ ትፈልጋለች፤ እሱም የሷ ፈቃድ ነው። የዳጉሳ ከረጢት ግዴታ አይደለም።

ሰው ሲጠይቅ ምን ይባላል? ለሁሉ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ያደክማል። ለደንበኛና ለመንገደኛ «ታምሜ ነበር፣ ታክሜ ተመልሻለሁ፤ ልብስሽ ለመቼ ይድረስ?» ብዬ ወደ ሥራው እዞራለሁ። ለወዳጅ የሚነገር ለወዳጅ ይነገራል። ደረቴን እያዩ ለሚያወሩኝ ደግሞ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ፤ ራሳቸው ያፍራሉ። እናንተም ስትጠይቁ «ምን ላግዝሽ?» በሉ እንጂ «እውነት ጨርሶ ወጣ ወይ?» አትበሉ። «አይዞሽ፣ እገሊትም ይኸው በሽታ ነበረባት፣ ሞተች» ብላ ያጽናናችኝም አለች።

ስለ ባልና ሚስት ብዙ አልናገርም፤ አባቶች ተቀምጠዋል። አንድ ነገር ብቻ፤ ጠባሳውን አብራችሁ እዩት። ሴቲቱ ጨለማ ውስጥ ልብስ መለወጥ ከጀመረች ቤቱ ውስጥ ሁለት በሽታ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ማኅበራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። መልካም ነው። ሕያው ሆኖ ለታመመው ግን በደንባችን ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ይባስ ብሎ፣ በሐዘን ቤት ውሃ ያልቀዳች፣ እንጀራ ያልጋገረች፣ ጣባና ድስት ያላነሣች ሴት 50 ብር ትቀጣለች። ቅጣቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከላይ የተናገርኩላት እኅት ከታከመች በኋላ ሦስት ጊዜ ተቀጥታለች፤ ሕመሟን ለጉባኤ ከመናገር መክፈሉን መረጠች። ደንባችን እስካልተለወጠ ድረስ ጸሐፊው ማንም ቢሆን መጻፉ አይቀርም።

ስለዚህ የማቀርበው አንደኛ፣ በቀዶ ሕክምና የታከመ አባል፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የሐኪም ወረቀት ለሊቀ መንበሩ ብቻ አሳይቶ ለ6 ወር ከጉልበት ሥራ ነፃ ይሁን። ከዚያም በኋላ ክንዱ የማይችል ከሆነ ስም በመመዝገብ፣ ቡና በማፍላት፣ እንግዳ በመቀበል ይተካ። የበሽታው ስም በጉባኤ አይነበብ። ሁለተኛ፣ ለራሱ ሥራ የሚሠራ አባል ታክሞ እስኪመለስ ከማኅበሩ ገንዘብ ያለ ወለድ ብድር ይሰጠው፤ በዓመት ይመልስ። ሒሳብ ሹማችን ገንዘቡ ለቀብር ነው እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ይናገሩ፤ እንስማቸው።

ሌላም የማሳስበው አለ። ከዳባትና ከደባርቅ ለመድኃኒት የሚወርዱ ሴቶች ቀጠሯቸው እስኪደርስ ማደሪያ ያጣሉ። በየ21 ቀኑ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ፣ እያስመለሳቸው። ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ መደብ የተረፈው ቤት ካለ ስሙን ይስጠኝ፤ መዝገብ እከፍታለሁ።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። በጉባኤ ለመጠየቅ ያፈረች ሴት ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ትምጣ፤ መጋረጃ አለ፣ መስታወትም አለ። አቡጀዲና ጥጥ ከኔ ነው፤ ዳጉሳውን ይዛችሁ ኑ።

(ከሰሌዳው፦ በንግግሩ ላይ ውይይት ከተደረገ በኋላ የመጀመሪያው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ስለ ብድሩ የቀረበው ሐሳብ የሒሳብ ሹሙ ዝርዝር እስኪያቀርቡ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተላልፏል። ከደባርቅና ከዳባት ለሚመጡ ታማሚዎች ማደሪያ ለመስጠት አራት ቤቶች ተመዝግበዋል።)